ከነቦቲዋ የተመዘነችው ሴት

ፈዬራ አንድ ሕግ አለው። ያላየውን ቁጥር አይጽፍም፤ ያየውን ደግሞ፣ ምንም ያህል የማይታመን ቢሆን፣ ሳይጽፍ አያድርም። መገናኛ አካባቢ የደም ግፊት የሚለኩ ሌሎች ሰዎችም አሉ። ክንድ ጠቅልለው፣ አየር ነፍተው፣ ቁጥሩን ነግረው ያሰናብታሉ። ፈዬራ ግን ይጽፋል። ቀኑን፣ ስሙን፣ ክብደቱን፣ ግፊቱን፣ ከጎኑም ትንሽ ማስታወሻ፦ «ከአለቃው ጋር ተጣልቶ የመጣ»፣ «ደረጃውን በሩጫ የወጣች»፣ «ጨው ያበዛል፤ የነገረችኝ ሚስቱ ናት»።

«ጋሼ ፈዬራ፣ ይሄን ሁሉ ደብተር ሰማይ ቤት ሊያስረክቡት ነው እንዴ?» ይሉታል የሰፈሩ ወጣቶች።

«ከተጠየቅሁ አላፍርም» ይላል እሱ።

የኮሪደር ልማቱ ሲሠራ ከድሮ ቦታው ተነሥቶ፣ አሁን የሚቀመጠው ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት በረንዳ ነው። ንብረቱ ሁለት በርጩማ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ሚዛን፣ የግፊት መለኪያ፣ ማዳመጫና ደብተር ነው። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ጫማ ያስወልቃል። ጫማ አድርጎ ሚዛን ላይ መውጣትን ከውሸት ነው የሚቆጥረው። ከሚዛን ያወረደውን ሰው በርጩማው ላይ ያስቀምጥና ወዲያው ክንዱን ይጠቀልላል። ሰው ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ ማረፍ እንዳለበት አሳምሮ ያውቃል። ግን መገናኛ ላይ አምስት ደቂቃ የሚያርፍ ሰው ከየት ይመጣል? ታክሲው ያመልጠዋል።

ደብተሩ በየዓመቱ ይለወጣል። የማይለወጠው የመጀመሪያው ገጽ ነው። አዲስ ደብተር በገዛ ቁጥር መጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ስም ብቻውን ይጽፋል፦ በዳዳ። የግፊቱን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ማን እንደሆነ የጠየቀው ሰው ቢኖር «አንድ የማውቀው ልጅ ነው» ብሎ ገጹን ይገለብጣል።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አንዲት አርባ አምስት የሚሆናት ሴት ባዶ ዘንቢሏን ይዛ በረንዳው ላይ ወጣች። የሺሃረግ ትባላለች። ቤቷ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ነው። በጓሮዋ ጎመንና ድንች ታበቅላለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ታክሲ እየቀያየረች መገናኛ ትወርድና ለሚያውቋት ምግብ ቤቶች አስረክባ ትመለሳለች። አንገቷ ላይ ብርቱካን የሚያክል እንቅርት አለ። ከባሏ ከወልደ ኢየሱስ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ተመላልሰው፣ በመጨረሻ እንቅርቱን የምታስወጣበት ወረፋ ለጥቅምት ደርሷታል። «ግፊትሽን እየተከታተልሽ ቆዪ» ተብላ ነው የመጣችው።

በርጩማው ላይ ተቀምጣ አጎነበሰች፣ ጭቃ ከያዘው ቦቲ ጋር ስትታገል ቆይታ ሁለቱንም አወለቀች። ተመዘነች። ፈዬራ ክንዷን ጠቅልሎ ነፋ፣ አዳመጠ፣ ፊቱን አኮሳተረ፣ እንደገና ነፋ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በመቶ አሥራ ስምንት።

ቀና ብሎ አያት። ፊቷ ነጭ አመድ መስሏል፤ በዚያ ብርድ ከከንፈሯ በላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ምን ይሰማሻል?»

«ራሴን ይፈልጠኛል፤ ልቤም ይዘልላል። አሁን ይለቀኛል፣ አይሥጉ። ምች ነው፤ የለመድኩት ነው።»

አልለቀቃትም። ታክሲም ቢያመልጥሽ ያምልጥሽ ብሎ ሩብ ሰዓት አስቀመጣትና ደግሞ ለካት። መቶ ሃያ ስምንት በሰማንያ። የሺሃረግ ሁለቱን ቁጥሮች ስትሰማ ሳቋ መጣ።

«ጋሼ፣ የታመመው ማሽንዎ ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ።»

ቆመው ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። ፈዬራ አልሳቀም። ሁለቱንም ቁጥር ጻፈ። ያልሳቀበትን ምክንያት እሱ ብቻ ያውቀዋል።

እንዲህ ነው። ፈዬራ በሃያ ዓመቱ የጦር ሠራዊት ጤና ረዳት ነበር፤ ጦርነቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በድንኳን በተሠራ ሆስፒታል ውስጥ። አንድ ቀን በዳዳ የሚባል ሳቂታ አሥር አለቃ በትርፍ አንጀት ሕመም መጣ። ለቀዶ ሕክምና ሊገባ ሲል ፈዬራ ግፊቱን ለካ፤ ሁለት መቶ አርባ በመቶ ሠላሳ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቶ አያውቅም። መለኪያውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ሐኪሙ «ቶሎ በል» ይላል፤ ውጭ ሌሎች ቁስለኞች ይጠብቃሉ። ይሄ የአሮጌ ዕቃ ሥራ ነው አለና ወረቀቱ ላይ «120 በ80» ብሎ ጻፈ። በዳዳ ከጠረጴዛው አልተነሣም። ሆዱን ነካ እንዳደረጉት ልቡ ሥርዓቱን አጣ፣ ከዚያ ቆመ። ሐኪሙ «የማደንዘዣው ነገር ይሆናል» አለ፤ ሌላ የጠየቀ አልነበረም። በማግስቱ ፈዬራ በዚያው መለኪያ ራሱን ለካ። መቶ አሥራ ስምንት በሰባ ስድስት። መለኪያው ደህና ነበር።

ይህን ታሪክ ከሟች ሚስቱ ከዶርቃ በቀር ለማንም ነግሮ አያውቅም። ዶርቃ «ጸልይበት» አለችው፤ ጸለየበት። ይቅርታ እንዳገኘ ያምናል። ጥያቄው ግን አልተወውም። ያ ቁጥር እውነት ከነበረ ከየት መጣ? ጤነኛ የሚመስል የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሁለት መቶ አርባን ከየት ያመጣዋል? ፈዬራ ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ክንድ የጠቀለለው ለእንጀራው ብቻ አልነበረም። መልሱን እየፈለገ ነው።

የሺሃረግ በሚቀጥለው ሐሙስም መጣች፤ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ግፊቷ ይወጣል፣ ይወርዳል። በመሐል የሰፈሯ ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ ለክተዋት ደህና ነሽ አሏት፤ ነርሷም «የመንገድ ላይ መለኪያ እያመንሽ አትጨነቂ» ብላ መከረቻት። ይህን የሺሃረግ በረንዳው ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ያለ ክፋት ተናገረችው። በዚያ ሳምንት ፈዬራ ሦስት የቆዩ ደንበኞቹን ማዶ ካለው ለኪ ፊት ተቀምጠው አያቸው። ፈዬራ መለኪያውን ከመድኃኒት ቤቱ መለኪያ ጋር አስተያየ፤ ልዩነት የለውም። የራሱን፣ የዘበኛውን፣ የሊስትሮውን ግፊት ለካ፤ ሁሉም እንደ ሁልጊዜው። የሚያብደው በየሺሃረግ ክንድ ላይ ብቻ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ፈዬራ ወረቀት የያዘ ሞኝ ነውና በእጥፍ አይለቅም። ጳጉሜን ላይ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የእሷን ሐሙሶች ብቻ በአንድ ገጽ ገለበጣቸው። ከሐምሌና ከነሐሴ ስምንት ሐሙሶች ስድስቱ እብድ ናቸው፤ ሁለቱ ደህና። ጳጉሜን ደህና። መጀመሪያ ጾሙን ጠረጠረ፤ ግን ፍልሰታ ሳይገባም እብድ ነበር። ብርዱን ጠረጠረ፤ ደህና ከሆኑት ሁለት ቀኖች አንዱ በረዶ የጣለበት ነው። የታክሲውን ግፊያ፣ ሸክሙን፣ ከምግብ ቤቶቹ ጋር የምትከራከረውን ክርክር ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣ ጣለ።

ከዚያ ዓይኑ ክብደቷ ላይ አረፈ። ደህና በሆኑት ሁለት የክረምት ሐሙሶች ክብደቷ ከሌላው ጊዜ በአንድ ኪሎ ተኩል ይበልጣል። ከጎኑ በራሱ እጅ ጽሑፍ አንድ ቃል አለ፦ «ከነቦቲ»። ትዝ አለው። በእነዚያ ቀኖች ቸኩላ «ዛሬስ አላወልቅም፣ ከነጭቃዬ ይመዝኑኝ» ብላው፣ እሱም እያጉረመረመ ከነቦቲዋ መዝኗት ነበር። ጳጉሜን ደግሞ ፀሐይ ወጥቶ በሸበጥ ነበር የመጣችው፤ ሸበጥ ለማውለቅ ማንም አያጎነብስም።

ፈዬራ ደብተሩን ዘጋና ቆሞ ተራመደ። ነገሩ ቦቲው አይደለም፤ ማውለቁ ነው። ስታጎነብስና ሆዷ ሲጨመቅ የሆነ ነገር ይነካል። ምን? ይህን አላወቀም። የበዳዳን ሆድ ሲነኩት የሆነውን ግን አስታወሰ። የሺሃረግ በዚህ ሁኔታ እንቅርት ልታስወጣ ጥቅምት አምስት ትተኛለች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስትመጣ ያገኘውን ነገራትና፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የውስጥ ደዌ ሐኪም የምታይበት ቀን ላይ ቦቲዋን አድርጋ እንድትሄድ ለመናት። እዚያው በረንዳው ላይ አስጎንብሼ ልሞክራት ብሎ አስቦ ነበር፤ ብትወድቅብኝስ ብሎ ፈራ።

«በመስከረም ፀሐይ ቦቲ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የፈለገውን ይበል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው፣ የሺ።»

«ወረፋዬን ቢያስቀሩብኝስ? ሁለት ዓመት ነው የጠበቅሁት፣ ጋሼ። ሌሊት ስተኛ እየታነቅሁ እኮ ነው።»

«አብሬሽ እሄዳለሁ» ብቻ አላት።

በቀኑ መጣች፤ ቦቲውን ግን በፌስታል ይዛ። የሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ እያፈረች ተጫማችው። ዘበኛው ፈዬራን አገደው።

«እርስዎ የታካሚዋ ምን ነዎት?»

«ግፊት ለኪዋ።»

ዘበኛው ወደ ባልደረባው ዞሮ «የግል ሐኪም ይዛ የመጣች ደግሞ ዛሬ አየሁ» አለና እየሳቀ አሳለፋቸው።

ሐኪሟ ዶክተር ነፃነት ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፊት ለፊቷ የተቆለለው ካርድ ሊወድቅ ደርሷል። የሺሃረግን ለካቻት፤ መቶ አሥራ ስምንት በሰባ ስድስት። «በጣም ጥሩ ነው» ብላ ልትጽፍ ስትል ፈዬራ ደብተሩን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቦቲዋን ታውልቅና አንዴ ይድገሙላት።»

«ቦቲዋን?»

«አዎ። ሁለቱንም፤ አጎንብሳ።»

ዶክተሯ ደብተሩን አየች፣ እሱን አየች፣ ቦቲውን አየች። ሥራ የበዛበት ሰው እዚህ ላይ ቢቆጣ አይፈረድበትም። እሷ ግን ገጹን ወደ ራሷ ሳበችና የሐሙሶቹን ቁጥር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ከነቦቲ» የሚለው ጋ ጣቷ ቆመ። ከዚያ መጠቅለያውን ከየሺሃረግ ክንድ ሳትፈታ «እስቲ አውልቂው» አለቻት።

የሺሃረግ አጎንብሳ አንዱን ሳበች፣ ሁለተኛውን ሳበች። ቀና ስትል ፊቷ ቀለሙ ሄዷል። ዶክተሯ ነፋች፤ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት በመቶ ሃያ አራት። ወጥታ ሌላ መለኪያ አመጣች፤ ያም ያንኑ አለ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩ እንደ መጣ ሄደ።

«ከኩላሊት በላይ» አለች ዶክተሯ በመጨረሻ፣ ካርዱ ጀርባ ላይ ሥዕል እየሣለች፣ «እንደ ቆብ ጣል ያሉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች አሉ። አድሬናል ይባላሉ። ጅብ ድንገት ፊትሽ ቢቆም ልብሽን የሚያስሮጠውን፣ ላብ የሚያመጣብሽን ነገር ወደ ደም የሚረጩት እነሱ ናቸው።»

«ጅብማ እኛ ሰፈር ሞልቷል» አለች የሺሃረግ።

«እንግዲያው ታውቂዋለሽ። አልፎ አልፎ፣ ከስንት ሺህ ሰው በአንዱ፣ እዚህ እጢ ላይ እብጠት ይበቅላል። እሱ ጅብ ሳይመጣም ይረጫል፤ ሆድ ሲጫን፣ ሰው ሲጎነብስ። ከሁሉ የሚከፋው ሳይታወቅ ማደንዘዣ የተሰጠ ጊዜ ነው። ያኔ ያለውን ሁሉ በአንዴ ሊለቀው ይችላል። ልብ ያንን አይችልም።»

ፈዬራ የበርጩማውን ጠርዝ ያዘ። የእብጠቱን ስም እንድትጽፍለት ጠየቃት፤ ፊዮክሮሞሳይቶማ። ሦስት ጊዜ አነበበው።

«መሆኑን ግን ገና አላወቅንም» አለች ዶክተሯ። «የሃያ አራት ሰዓት ሽንት ተጠራቅሞ ይመረመራል። የጥቅምት አምስቱ ቀዶ ሕክምና ይቆይ።» ስልክ ቁጥሯንም ለፈዬራ ሰጠችው፤ «አዲስ ነገር ካዩ ከነቁጥሩ ይደውሉልኝ።»

ላቦራቶሪው ለየሺሃረግ አንድ ነጭ ጀሪካን ሰጣት። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ድፊ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እስከ ማግሥቱ ጠዋት ጠብታ ሳይቀር አጠራቅሚ፤ ቡናና ሙዝ አትንኪ ተባለች። ሁሉንም ፈጸመች። ናሙናው ባሕር ማዶ ተልኮ ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ምንም የለም።

ዶክተር ነፃነት ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። ቀዶ ሐኪሞቹ ወረፋዋን ወደ ኅዳር አሸጋግረውላት ነበር፤ እሷ ብትለምናቸውም ወረቀቱ ደህና ካለ ከዚህ በላይ አንይዝም አሉ። የሺሃረግ ሐሙስ በረንዳው ላይ መጥታ ሰኞ ለቀዶ ሕክምናው እንደምትገባ ለፈዬራ ነገረችው።

«ወረቀቱም ደህና ነሽ አለ፣ ጋሼ። አልተቀየምኩዎትም። እርስዎ ስላሰቡልኝ ነው።»

ፈዬራ ዓርብን የእሷን ገጽ ደጋግሞ ሲያነብ ዋለ። የቦቲው ነገር ግልጽ ነው፤ ቁጥሩን ዶክተሯም በዓይኗ አይታዋለች፤ ታዲያ ወረቀቱ እንዴት እንዲህ ይላል? ቅዳሜ ጠዋት በረንዳውን ዘግቶ ወደ እንጦጦ ወጣ። ለምን እንደሚሄድ በደንብ አላወቀም ነበር። ሰው ዕቃ ሲጠፋበት መጨረሻ ያየበት ቦታ ተመልሶ ይፈልጋል አይደል? እሱ ያየው ቁጥር የጠፋው ደግሞ እዚያ ቤት በሞላው ጀሪካን ውስጥ ነው።

ወልደ ኢየሱስ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀበለው። ዝምተኛ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በማገልገል ያረጀ ሰው ነው። እንግዳ ነውና ትኩስ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ቀረበለት፤ በጣሳ ውኃ ተሰጠው። ፈዬራ ውኃውን ጎንጨት እንዳለ ቆም አደረገው። የወይራ ጢስ ጢስ ይላል። ወለጋ፣ እናቱ ወተት የምታስቀምጥበት ዕቃ እንዲህ ይሸት ነበር።

«ጣሳውንም ታጥኚዋለሽ?» ሲል የሺሃረግን ጠየቃት።

ወልደ ኢየሱስ የሚስቱን ሙያ የሚያወራበት አጋጣሚ በማግኘቱ ደስ አለው። «አቶ ፈዬራ፣ የእኔ ሚስት ቤት ያልታጠነ ዕቃ አይገባም። ሌላው ይቅርና ያንን የሆስፒታሉን ጀሪካን እንኳ አጥና ነው የሰጠቻቸው።»

ፈዬራ ድንቹን አስቀመጠ።

«የሺ፣ ጀሪካኑን ስትቀበዪ ባዶ ነበር?»

«የት ባዶ ይሆናል? ሥሩ ላይ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነገር ቀርቶበት። ከእኔ በፊት የማን ሽንት እንደነበረበት ማን ያውቃል? ደፋሁት፣ በአመድ ፈትጌ አጠብኩት፣ በወይራ አጠንኩት። ለሐኪም የሚሰጥ ዕቃ አይደል እንዴ? የቆሸሸ ልስጣቸው?»

«የት ደፋሽው?»

ከጓዳው ኋላ ወሰደችው። አጥሩ ሥር ሳማው ለምልሞ፣ በመካከሉ አንድ ቦታ ብቻ እንደ ተቃጠለ ቢጫ ሆኖ ደርቋል። ፈዬራ ቁጢጥ ብሎ አየው። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ከዶርቃ ሞት ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ባልና ሚስቱ ግራ ተጋብተው ቆመው ያዩታል። እንባውን ጠርጎ ለዶክተር ነፃነት ደወለ።

«አሲዱን ደፍታዋለች» አለ። «ጀሪካኑን አጥባዋለች። በወይራም አጥናዋለች።»

በስልኩ ውስጥ የዶክተሯም ሳቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ድምፅዋ ተለወጠ። ላቦራቶሪው በጀሪካኑ ሥር የሚያኖረው አሲድ፣ ሽንቱ ውስጥ የሚፈለገው ነገር እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ነው፤ ከተደፋ የመጣው ወረቀት ዋጋ የለውም። አትጠቢው ብሎ የነገራት የለም፤ ዕቃ አጥቦ መስጠት በዚህ አገር ነውር ሆኖ አያውቅምና ለማንም ትዝ አላለውም። «ሰኞ እንዳትገባ» አለች ዶክተሯ።

የሺሃረግ ግን እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ራሷን ነቀነቀች። ሰኞ ከቀረች ወረፋው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እንደገና ከሥር መጀመር ሊሆን ነው። «እገባለሁ» አለች። «እግዚአብሔር ያውቃል። ደክሞኛል።» ወልደ ኢየሱስ መሬት መሬት አየ።

ፈዬራ ጉቶ ላይ ተቀመጠና የበዳዳን ነገር ነገራቸው። ሳቂታነቱን፣ ሁለት መቶ አርባውን፣ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን መቶ ሃያ በሰማንያ። «ዕቃው ነው የታመመው አልኩ፤ ልክ እንደ አንቺ» አለ። «ያየሁትን ብጽፍ ኖሮ ሐኪሙ ቆም ይል ነበር። እናቱ ዘንድ ይገባ ነበር። ልጁን የገደለው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ ግን ረድቻለሁ። ሁለተኛ አልረዳም። ወረፋሽን ስላስቀረሁብሽ ስትረግሚኝ ኑሪ፤ ብቻ ኑሪ።»

የሺሃረግ ደረቷ ላይ ያጣጠፈችውን እጇን ፈታች። ከዚያ ባሏን «ሰኞ ጀሪካን ልናመጣ ነው የምንሄደው» አለችው።

ሁለተኛው ጀሪካን ላይ ፈዬራ በራሱ እጅ ወረቀት ለጠፈበት፦ «አይደፋም። አይታጠብም። አይታጠንም።» የላቦራቶሪው ሰዎች አይተው ሳቁ፤ በኋላ ግን ያንኑ ቃል በሁሉም ጀሪካን ላይ ይለጥፉት ጀመር።

ውጤቱ ከሚገባው አሥራ አራት እጥፍ ሆኖ መጣ። የሲቲ ስካኑ ፎቶ ከግራ ኩላሊቷ በላይ የዶሮ እንቁላል የሚያክል ነገር አሳየ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ ይህኛው ራሱ ተደብቆ ስንት ዓመት ኖረ። ከአንድ ወር በላይ እብጠቱን የሚያስታግሥ ክኒን ዋጠች፤ ከጥምቀት በኋላ ወጣላት። በቀዶ ሕክምናው ቀን ፈዬራና ወልደ ኢየሱስ ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዋሉ፤ አንዱ በመቁጠሪያ፣ ሌላው በለሆሳስ እየጸለየ። እንቅርቱም ዶክተሯ ተከራክራላት በግንቦት ወጣ።

ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ማግሥት ፈዬራ ዶክተሯን ለብቻዋ አግኝቶ ስለ በዳዳ ነገራት። ሠላሳ አራት ዓመት የተሸከመውን ጥያቄ ጠየቃት፤ የበዳዳም በሽታ ይኸው ነበር?

ዶክተር ነፃነት የያዘችውን ካርድ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እኔም እንደ እርስዎ ነኝ፤ ያላየሁትን አልጽፍም። ሊሆን ይችላል። ሁሉ ነገሩ እሱን ይመስላል። ነው ብዬ ግን አልምልልዎትም።» ከዚያ አክላ «መለኪያዎ ግን አልዋሸዎትም። ያንን እምልልዎታለሁ» አለችው።

ዘንድሮ ሐምሌ ሲገባ፣ ሐሙስ፣ በዶፍ ዝናብ መሐል የሺሃረግ በረንዳው ላይ ደረሰች። አንገቷ ለስላሳ ነው፤ ጠባሳውን በነጠላዋ ሸፍናዋለች። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን ከፈዬራ ሳትነቅል አጎነበሰች። አንዱን ቦቲ ሳበች። ሁለተኛውን ሳበች። ተመዘነች፣ ተቀመጠች፣ ክንዷን ዘረጋችለት። ፈዬራ ነፋ፣ አዳመጠ፣ እንደገና ነፋ። መቶ ሃያ ሁለት በሰባ ስምንት።

«ማሽንዎን አሠሩት እንዴ፣ ጋሼ?»

«አዎ» አለ ፈዬራ። «ሐኪም ቤት ከርሞ መጣ።»

አንድ እቅፍ ጎመን በርጩማው ላይ ትታለት ዝናቡ ውስጥ ገባች። ፈዬራ ቀኑን፣ ስሟን፣ ክብደቷን፣ ቁጥሩን ጻፈ፤ ከጎኑም «ቦቲ አውልቃ» ብሎ አከለ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ስላልነበረ ደብተሩን ወዲያው አልዘጋውም። ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰው። ከበዳዳ ስም ፊት ለፊት፣ በየዓመቱ ባዶ በሚተወው ቦታ ላይ፣ ቀስ ብሎ ጻፈ፦ 240 በ130። ከጎኑም፣ በማስታወሻው ቦታ፦ «መለኪያው ደህና ነበር።»